የዱባ ኬክ ለመስከረምና ለጥቅምት ግብዣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሀዋሳ ውስጥ መጠራራት ይበዛል። የዘመን መለወጫው ወሬ ሳይበርድ ደመራ ይደርሳል። ዕቁቡም ማኅበሩም ይሟሟቃል። ገበያው ደግሞ በዱባ ይሞላል። በዚህ ሰሞን "ጊዜ የማይፈጅ፣ ብዙ ሰው የሚያዳርስ ጣፋጭ ምን ልሥራ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ የዱባ ኬክ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይከታተላል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ዱባው የያዘው ውሃ ላይ። እሱን ከተቆጣጠራችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ዱባ የወጥ ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ኬክ የሆነው?

ዱባ ወጥ የበላ ሰው ዱባ ጣፋጭ መሆኑን ያውቃል። ጣፋጭነቱን የሚሸፍኑት በርበሬውና ሽንኩርቱ ናቸው። ዱባ መሠረቱ የአሜሪካ አህጉር ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ሰው ማልማት ከጀመረው ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። አሜሪካኖች በመጸው ወራት በዱባ የማይሠሩት ጣፋጭ የለም። ኖቬምበር በገባ በአራተኛው ሐሙስ በሚያከብሩት የምስጋና ቀን ደግሞ የዱባ ፓይ ከማዕዱ አይጠፋም። የእኛም ዘመነ መጸው መስከረም 26 ስለሚገባ ወቅቱ ይገጣጠማል።

ፓዩ ግን ሥራ አለው። ሊጡን መዳመጥ፣ ማቀዝቀዝ፣ ለብቻው መጋገር፣ ከዚያ መሙላት ነው። እንግዳ ሊመጣ ሲል እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ መግባት አልመክርም። ኬኩ በሁለት ሳህንና በአንድ ሹካ ያልቃል።

ምን ምን ያስፈልጋል? እንዴትስ ይሠራል?

23 በ33 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ 300 ግራም የፊኖ ዱቄት፣ 400 ግራም በስሎ የላመ ዱባ፣ 4 እንቁላል፣ 200 ግራም ስኳር፣ 180 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቅመም ያስፈልጋል። እንቁላሉ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ አነስ ስለሚል 5 አድርጉት። ዘይቱ ሽታ የሌለው ይሁን፤ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ጥሩ ነው። የነጠረ ቅቤ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም። ኮሰረቱና አብሹ ዱባውን ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ኦቭኑን 175 ዲግሪ ላይ አሙቁት። እንቁላሉንና ስኳሩን ነጣ እስኪል በሹካ ምቱ። ዘይቱን፣ ቀጥሎ የቀዘቀዘውን ዱባ ጨምራችሁ አዋሕዱ። በሌላ ሳህን ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ጨውንና ቅመሙን አብራችሁ ንፉ። ሁለቱን ደባልቁና ነጩ ዱቄት እንደጠፋ ማማሰሉን አቁሙ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዱቄት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ብዙ ከተማሰለ እንደ ዳቦ ሊጥ ይጠነክራል፤ ኬኩም ደረቅ ዳቦ ይሆናል። ትንሽ ጓል ቢቀር አይክፋችሁ፣ ሲጋገር ይጠፋል።

ትሪውን ዘይት ቀብታችሁ ሊጡን ገልብጡበትና ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ። መሃሉን በስቴኪኒ ወጉት። ስቴኪኒው ንጹህ ሆኖ ወይም ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ በስሏል። እርጥብ ሊጥ ይዞ ከወጣ 5 ደቂቃ ጨምሩለት።

የትኛውን ዱባ ልግዛ?

ተቆርጦ የሚሸጠውን። ጎበዝ ገዢ ውስጡን ሳያይ አይገዛም። ሥጋው ጠቆር ያለ ብርቱካንማ፣ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ገርጣ ያለ፣ ክር ክር የሚልና የተቆረጠበት ቦታ ውሃ ያዘለ ዱባ ለወጥ ይሆናል፤ ለኬክ ግን ያለፋችኋል። የልጣጩ ቀለም አያሳስባችሁ። ግራጫው፣ አረንጓዴውም ሆነ ብርቱካንማው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን የምትገዙ ከሆነ ልጣጩን በጥፍር ጫን በሉት። ጥፍር የማይገባለት የደረሰ ነው። ለመጠኑ ከበድ የሚለውን ምረጡ፤ ከሐረጉ ጋር የሚያያዝበት ጭራውም ደርቆ እንደሆነ እዩት።

"ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" እንደሚባለው ከአንድ ክምር የወጡ ሁለት ዱባዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ ከመጋገራችሁ በፊት ሁልጊዜ ቅመሱ። ለብ ያለ ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩን እንደተጻፈው አስገቡ። ማር ማር የሚል ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቀንሱ። የሚመር ከሆነ ግን ያለ ምንም ማመንታት ጣሉት። በዱባና በዘመዶቹ ተክሎች ውስጥ መራራነቱን የሚያመጣው ኩኩርቢታሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል፤ ማብሰልም አያጠፋውም። በስኳር ሸፍኜ አሳልፈዋለሁ አይባልም።

ያልተቆረጠ ዱባ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ወራት ይቆያል። የተቆረጠው ግን ተሸፍኖ ፍሪጅ ይግባና በ3 ቀን ውስጥ ይጠቀሙበት።

ዱባውን ቀቅዬ ነው የማስገባው?

ውሃ ውስጥ አትቀቅሉት። ዱባ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሌላ ውሃ ማጠጣት ምን ይባላል? "ኬኬ ላዩ በስሎ ውስጡ ሊጥ ነው"፣ "መሃሉ ወረደ"፣ "ጣዕም የለውም" ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ቀቅለውት ነው።

ኦቭን ካላችሁ ዱባውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ። የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ 200 ዲግሪ ላይ ጠብሱት። እንደ ውፍረቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሹካ ያለ ትግል ካለፈ በቃው። ከሌላችሁ በእንፋሎት አብስሉት። ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ፣ ላዩ ላይ ወንፊት ወይም የእንፋሎት ማብሰያ፣ ዱባው ከእነ ልጣጩ በትልልቁ ተቆርጦ፣ ክዳን። ዱባ መላጥ እጅ ያቆስላልና በጥሬው አትታገሉት። ከበሰለ በኋላ ሥጋው በማንኪያ ተፍቆ ይወጣል።

በሹካ ፍጩት ወይም ብሌንደር ውስጥ ክተቱት፤ ውሃ ግን ጠብታ አትጨምሩ። ወንፊት ላይ ንጹህ ስስ ጨርቅ አንጥፉ፣ ዱባውን ገልብጡበት፣ ከሥሩ ሳህን አድርጉና ለአንድ ሰዓት ተዉት። ቢጫ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እሱን ሾርባ ውስጥ ጨምሩት እንጂ አትድፉት።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ኬኩን ለሁለት ቀን እንዲወራ የሚያደርገው ነው። የተንጠፈጠፈውን ዱባ ምንም ሳትቀቡ ሰፋ ያለ መጥበሻ ላይ አድርጉና በዝግታ እሳት አማስሉት። መጀመሪያ ቱግ ቱግ እያለ ይረጫል፤ እጃችሁን ጠብቁ። እንፋሎቱ እየሳሳ ሲመጣ ድምፁም ይቀንሳል። ቀለሙ ከቢጫነት ወደ ብርቱካንማ ይጠቁራል፣ ሽታውም የተጠበሰ ስኳር ይመስላል። ያን ጊዜ የእንጨት ማማሰያውን መሃል ለመሃል ጎትቱት። የመጥበሻው መቀመጫ ታይቶ መንገዱ ቶሎ ካልተዘጋ አውርዱት። እንደ ዱባው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው ልፋቱ።

ከዚያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ከጨመራችሁት እንቁላሉን ያበስለዋል፤ ቤኪንግ ፓውደሩንም ኦቭን ሳይገባ ያስጀምረዋል። 400 ግራሙ የሚመዘነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሬውን አንድ ኪሎ አካባቢ ግዙ። የተረፈ ካለ በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ለኅዳር ይጠቅማችኋል።

የቤት ሚዛን የለኝም፤ በምን ልለካ?

240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ፈልጉ። የውሃ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መጠን አይታችሁ ማመሳከር ትችላላችሁ፤ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ግማሽ ማለት በጣም ተቀራራቢ ነው። በዚያ ብርጭቆ ዱቄቱ 2 ከግማሽ፣ ስኳሩ 1፣ የላመው ዱባ ከ1 ተኩል ትንሽ የሚበልጥ፣ ዘይቱ ሦስት ሩብ ይሆናል። ዱቄቱን በማንኪያ ወደ ብርጭቆው አፍስሱና በቢላ ጀርባ ላዩን አስተካክሉ። ብርጭቆውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ ከጠቀጠቃችሁት ብዙ ዱቄት ይገባና ኬኩ ይደርቃል። የቡና ሲኒ አልመክርም፤ ሲኒ ከሲኒ ይለያያል።

አሜሪካ ያለች እህቴ የላከችልኝ አሠራር 350 ዲግሪ ይላል። የእኔ ኦቭን 250 ላይ ያበቃል። ምን ላድርግ?

የእሷ በፋራናይት ነው፣ የእናንተ በሴልሺየስ። 350 ፋራናይት 175 ሴልሺየስ ገደማ ነው። 325 ቢልም 160 አካባቢ፣ 400 ቢል 200 አካባቢ ነው።

"አንድ ጣሳ ዱባ" ካለችም አትጨነቁ። እዚያ የላመ ዱባ በጣሳ ይሸጣል፤ የተለመደው ጣሳ 425 ግራም ይይዛል። ውሃው የቀነሰ ወፈር ያለ ዱባ ስለሆነ በእኛ የሚተካው ከላይ ያልነው፣ መጥበሻ ላይ የደረቀው ነው።

በደንብ ይነፋና ከኦቭን ሳወጣው መሃሉ ይሰምጣል። ለምን?

ውሃው አይደለም ካላችሁ ከፍታው ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ አነስ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከመጠን በላይ ይለጠጣል። ኬኩ አካሉ ሳይጠና ቶሎ ይነሳል፣ የሚደግፈው ሲያጣ ይወርዳል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል።

ከውጭ የመጣ አሠራር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ሩቡን ያህል ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ አንሱ። ኦቭኑን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ከተባለው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድማችሁ እዩት። እኔ ከላይ የሰጠሁት ልኬት ይህ ታስቦበት የተጻፈ ስለሆነ አትንኩት። አዳማ ላሉ ዘመዶቻችሁም ያው ይሠራል፤ ከፍታው ተቀራራቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ቤኪንግ ፓውደሩን ከዚህም ትንሽ ቀንሱ።

ሌላው ምክንያት የኦቭኑን በር ቶሎ ቶሎ መክፈት ነው። ለመጀመሪያው 25 ደቂቃ እጃችሁን ሰብስቡ።

ምን ቅመም ይገባበታል?

አሜሪካኖች ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ ይቀላቅሉበታል። ሁሉም እኛ ጋ አለ። 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል፣ ሩብ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝና ቅርንፉድ በቂ ነው። ቅርንፉድ ላይ አትለግሱ፤ ከበዛ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል።

እኔ ግን ገውዙን ትቼ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ አደርጋለሁ። ኮረሪማ የአገራችን ተክል ነው፣ ከደቡብ ምዕራቡ ደን የሚወጣ። ከዱባ ጋር ደግሞ ተስማምቶ ይሄዳል። ቅርፊቱን ሰብራችሁ ፍሬውን አውጡ፣ በለብታ እሳት አሙቁትና ከመጋገራችሁ በፊት ውቀጡት። ተፈጭቶ የከረመው ሽታው ይሄዳል። ሙቀጫውን ግን እዩት። ሚጥሚጣ የተወቀጠበት ከሆነ እንግዶቹ ሌላ ነገር ይቀምሳሉ። መከለሻም አይሆንም፤ ቁንዶ በርበሬ አለበት።

የጾም ይሆናል?

ይሆናል፣ እንዲያውም ዱባ ለጾም የተፈጠረ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ መስቀልም በእነዚህ ቀናት ከዋለ ጾሙ አይሻርም። ጽጌን የሚጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይጾማል። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ግብዣው በእነዚህ ሰሞን ከሆነ ከመጀመሪያው የጾሙን ብትሠሩ ሁሉም ይበላል። ሁለት ዓይነት ከመጋገር ይሻላል።

እንቁላሉን ተዉት። 300 ግራም ዱቄት፣ 400 ግራም ዱባ፣ 200 ግራም ስኳርና 150 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጉ። 100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ወይም ውሃ ጨምሩ። 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ አስገቡ። አቼቶው መጨረሻ ላይ ይግባ። ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ወዲያው አረፋ ስለሚያወጣ ሊጡን ሳታስቀምጡ ኦቭን አስገቡት። የአቼቶ ጣዕም አይቀርም። ይኸኛው ኬክ ከፍስኩ ትንሽ ጠበቅ ይላል፣ ጣዕሙ ግን አይተናነስም። 40 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል።

በዘይት ፈንታ ማርጋሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ወተት አለበት።

ኦቭን የለኝም። ቀረብኝ ማለት ነው?

ድፎ ዳቦ በኦቭን አልተጀመረም። ወፍራም መቀመጫ ያለው ትልቅ ድስት ውሰዱ። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው አንጥፋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ አሙቁት። ሊጡን ትንሽ መጥበሻ ወይም ብረት ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ አሸዋው ላይ አስቀምጡና ክደኑት። ለግማሹ ልኬት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ከክዳኑ ሥር ፎጣ ካሰራችሁበት የእንፋሎቱ ውሃ ኬኩ ላይ አይንጠባጠብም፤ የፎጣው ጫፍ ግን ወደ ላይ ይጠቅለል፣ እሳት እንዳይነካው። ላዩ እንዲጠቆር የምትፈልጉ ፎጣውን አንስታችሁ ለመጨረሻ 10 ደቂቃ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ደጅ ይሁን። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም።

ሀዋሳ ላይ ያለን ዕድል ደግሞ ኮባ ነው። በሲዳማ ጓሮ እንሰት የሌለበት የለም። ቅጠሉን ከመካከለኛው አጥንት ለዩት፣ እጠቡት፣ ከዚያ እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት። ድንግዝ ያለው አረንጓዴ ጠቆር ብሎ ያበራል፤ ይሰነጠቅ የነበረውም እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሳህኑን በሱ አልብሱ፣ ሊጡን አፍስሱ፣ ጫፉን ከላይ መልሱት። ዘይት መቀባት አያስፈልግም፣ አይጣበቅም፣ ሽታው ደግሞ የድፎ ነው። ኦቭን ቢኖራችሁም በኮባ ሞክሩት።

ጋግሬ ሳልጨርስ መብራት ቢሄድስ?

የተለመደ ነው። ከገባ 25 ደቂቃ ካለፈው በሩን አትክፈቱ። ኦቭኑ ሙቀቱን ስለሚይዝ እዚያው 30 ደቂቃ ተዉት፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጨርሳል። ከ10 ደቂቃ በታች ከሆነ አውጥታችሁ በድስቱ ዘዴ በጋዝ ወይም በከሰል ቀጥሉ። መሃል ላይ ከሆነ ነገሩ አስቸጋሪ ነው፤ ካነሳችሁት ይወርዳል። ቢወርድም አይጣል። ድስት ውስጥ አብስላችሁት ቆራርጣችሁ ከእርጎ ጋር ብታቀርቡት ማንም አይጠረጥርም።

ላዩን በምን ላሳምረው?

ምንም ባታደርጉት ይበቃዋል። ክሬም ቺዝ የሚሉት እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ለጋ አይብ በጨርቅ አጥልላችሁ ከማርና ከጥቂት ወተት ጋር ብሌንደር ውስጥ እስኪልም ምቱት። ቅመም ያልገባበት አይብ ይሁን። ኬኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀቡት፤ ትኩሱ ላይ ይቀልጣል። ማር የገባበትን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አታቅምሱ። ለጾሙ የተፈጨ ስኳር በሎሚ ጭማቂ አቅጥናችሁ በማንኪያ አፍስሱበት።

ስኳር ያለበት እንግዳ አለኝ።

ስኳሩን እስከ 130 ግራም ብትቀንሱት ኬኩ አይበላሽም። ግን ዱቄቱም ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ትንሽ ቁራጭ ነው የሚገባው። በማር መተካት መላ አይደለም። ማርም ስኳር ነው።

ለስንት ሰው ይበቃል? መቼ ልጋግረው?

4 በ6 ብትቆርጡት 24 ቁራጭ ይወጣል። ሰው ሁለት ማንሳቱ ስለማይቀር ለ12 ሰው አስቡት። ክትፎ ወይም የሲዳማው ምግብ ቡርሳሜ የቀረበበት ግብዣ ከሆነ ለ20ም ይበቃል። በዋዜማው ብትጋግሩት ይሻላል። ቅመሙ ሌሊቱን ይሰርጻል፣ ሲቆረጥም አይፈራርስም።

ተሸፍኖ ውጭ 2 ቀን ይቆያል። አይብ ከተቀባ ግን ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ችግር የለበትም። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ ዓሣ ክፍቱን ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ግን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ኬክ ሽታ ይስባል።

ሌላ ቤት ነው ግብዣው። በባጃጅ እንዴት ልውሰደው?

ከትሪው አታውጡት፣ አትቁረጡትም። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በፎይል ሸፍኑና ትሪውን ጭናችሁ ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ያዙት። ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ትኩስ ኬክ ይሰነጠቃል። አይቡን ለብቻው ይዛችሁ ደርሳችሁ ቀቡ።

ፍሬውን ልጣለው?

ኧረ በፍጹም። እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ጨው ነስንሳችሁ በዝግታ እሳት ቁሉት። ቷ ቷ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ጥቂቱን ሊጡ ላይ ነስንሱት፣ የቀረው ለቆሎ።

ከቡና ጋር ነው ከሻይ ጋር?

ከቡና ጋር። ጣፋጩን የቡናው ምሬት ይሸከመዋል። የሲዳማ ቡና ደጃችን እያለ ሻይ ማፍላት አይሆንልኝም። አቦሉ በፈንዲሻ ይጠጣ፣ ኬኩ ከቶናው ጋር ይምጣ፤ ያን ጊዜ ምግቡ ቀለል ብሎላቸዋል። ልጆች ግን ቶና አይጠብቁም። ለእነሱ ከዳር ዳሩ ቀድማችሁ ቁረጡላቸው።